አናኮስቲያን በጀልባ፦ የፌስታሏ አምስት ሳንቲም የት እንደገባች ሄዳችሁ እዩ

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሃያትስቪል፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ሱቅና ሬስቶራንት ያላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በአናኮስቲያ ወንዝ ላይ ነፃ የጀልባ ጉብኝት አለ። ሂዱ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ግማሿን ለምን እንዳስቀረሁም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ "ነፃ" የሚለውን ላስረዳ። ትኬት አይቆረጥም፣ ኢንተርኔት ላይ ስም ማስመዝገብ ብቻ ነው። ግን ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም። ዲሲ ውስጥ ምግብ ወይም መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ ለአንድ ፌስታል አምስት ሳንቲም ያስከፍላል። ከአምስቷ አንዷ ለሱቁ ትቀራለች፣ የራሱን ቦርሳ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ዋጋ የሚቀንስ ሱቅ ደግሞ ሁለት ያስቀራል። የተረፈው ወንዙን ለማጽዳትና ለመጠበቅ ወደተቋቋመ ፈንድ ይገባል። ፈንዱ ጅረቶቹ ላይ ለተተከሉ የቆሻሻ ማጥመጃዎች፣ ለተማሪዎች የወንዝ ትምህርትና ነዋሪው ወንዙን ቀረብ ብሎ እንዲያውቅ ለሚደረጉ ፕሮግራሞች ይውላል። በዚህ ከተማ ስንቱ የሰፈር ሱቅ በሐበሻ እጅ እንዳለ ታውቃላችሁ። ያቺ ሳንቲም በማን እጅ ስታልፍ እንደኖረች አስቡት።

አብረውኝ የሄዱት አጎቴ ናቸው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ለብዙ ዓመት ሱቅ ነበራቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሕጉ ሲጀመር ከተማው ያደለውን "ፌስታሉን ተው፣ ወንዙን አድን" የሚል ማስታወቂያ ሒሳብ መቀበያው ጎን ለጥፈው ነበር። በዚያች አምስት ሳንቲም ከስንት ደንበኛ ጋር እንደተነታረኩ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ትቶ ይወጣል፣ እሳቸው ደግሞ "ለወንዙ ነው፣ ለወንዙ ነው" ይላሉ። "ወንዙን ግን ወርጄ አይቼው አላውቅም" አሉኝ መኪና ውስጥ። ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው በየትኛው ጊዜው ያየዋል?

ወደ ጀልባው ልምጣ። የተሳፈርነው ቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ ካለው መሳፈሪያ ነው። ጀልባው ጠፍጣፋ ነው፣ ከላይ የፀሐይ መከለያ አለው፣ ከአንድ ሚኒባስ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው የሚይዘው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለትልቁም ለትንሹም በልኩ አለ። ነጂውም አስጎብኚዋም ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ የምታዩት አዳዲስ ፎቆችና ሬስቶራንቶች ነው፣ እሱን ዝም ብላችሁ እለፉት። ከዚያ ዝቅ ያለ የባቡር ድልድይ ይመጣል። ትልልቅ ጀልባዎች በሱ ሥር ማለፍ ስለማይችሉ ከዚያ ወዲያ ያለው ወንዝ ጸጥ ያለ ነው። ዛፉ በግራም በቀኝም እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል፣ ኤሊዎች የወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ዓሣ ይጠብቃሉ፣ እና ከአሜሪካ ምክር ቤት ትንሽ ርቀት ላይ እንዳላችሁ ጨርሶ ይጠፋችኋል። ንስሩ ከዛፍ ላይ ሲነሳ አጎቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ነጂው በትህትና አስቀመጣቸው።

የንስሮቹ ታሪክ ለብቻው መነገር አለበት። ባለ ነጭ ራሱ ንስር፣ ያ የአሜሪካ መለያ የሆነው፣ ከ1940ዎቹ በኋላ በዋና ከተማይቱ ጎጆ መሥራት አቁሞ ነበር። በ1992 ወንዙ አካባቢ በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ ጥቂት ጥቁር ወጣቶች በአንድ የወጣቶች የአካባቢ ጥበቃ ቡድን ተሰባስበው ቢቨርዳም የሚባለውን ገባር ማጽዳት ጀመሩ። ሥራቸው ከጭቃ ውስጥ የመኪና ጎማ እየጎተቱ ማውጣት ነበር። ቀጥለው ከዊስኮንሲን የንስር ጫጩቶች አስመጥተው፣ እየመገቡ አሳድገው፣ ከ1994 ጀምሮ ለቀቁ። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ዲሲ ውስጥ በየቀኑ ሰው በጥይት የሚሞትበት ጊዜ። ከራሳቸው ከቡድኑ አባላትም የተገደሉ አሉ። ለንስሮቹ የሞቱ ጓደኞቻቸውን ስም አወጡላቸው። አስጎብኚዋ ይሄን ስትናገር ጀልባው ውስጥ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ለእኔ የጉብኝቱ ዋናው ይሄ ነው። ለዚህ ብቻ ተብሎ ይኬዳል።

ወንዙ እንዴት ታመመ የሚለውንም በደንብ ያስረዳሉ። ሜሪላንድ ካለው ብላደንስበርግ እስከ ፖቶማክ ወንዝ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አጭር ወንዝ። ዳርና ዳሩ ድሮ ወደ አንድ ሺህ ሄክታር ረግረግ ነበር፣ ናኮችታንክ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩበት ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጦሩ መሐንዲሶች ወንዙን ቆፍረው፣ ዳሩን በድንጋይ ግድግዳ አጥረው፣ ረግረጉን በደለል ሞሉት። ውሃ የሚያጣራውን ነገር አጠፉት ማለት ነው። ከዚያ ወንዙ ዳር ባለው ኬኒልወርዝ ላይ የከተማው ቆሻሻ ለዓመታት ሜዳ ላይ ይቃጠል ነበር፣ የጥቁሮች ሰፈር አጠገብ። ማቃጠሉ የቆመው በ1968 አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ከሞተ በኋላ ነው። ሰፈርተኛው ግን ከዚያ በፊትም ሲጮኽ ነበር።

ሽንት ቤቱስ? ከከተማይቱ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ክፍል የቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ዝናብ ሲበዛ ቱቦው ይሞላና ትርፉ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ይሄ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሆን የኖረ ነገር ነው፣ ባለሥልጣኑም ነዋሪውም ያውቀዋል። ያስቆመው ምን መሰላችሁ? በ1989 ሮበርት ቡን የሚባል ሰው የአናኮስቲያ ተፋሰስ ማኅበርን አቋቋመ። ማኅበሩ ፈቃደኞችን ይዞ ቆሻሻ መልቀም ብቻ አይደለም የሠራው። ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ የፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ተፈረመ፣ ከተማው ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻዎች እንዲቆፍር ግዴታ ገባ። የአናኮስቲያው ዋሻ በማርች 2018 ሥራ ጀመረ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው ደግሞ በ2023። ባቡር የሚያስኬድ ስፋት አላቸው፣ ጎርፉን ይዘው አቆይተው ወደ ማጣሪያ ይልኩታል። አናኮስቲያ ውስጥ የሚገባው ፍሳሽ በ98 በመቶ እንዲቀንስ ነው የታቀደው። ጓንት አድርጎ የሚለቅምም፣ ዶሴ ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆምም ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዛሬም ውሃው ይሸት ነበር።

የፌስታሉ ሕግም እንዲሁ ነው የመጣው። በ2008 የተሠራ ጥናት ገባር ጅረቶቹ ውስጥ ካለው ቆሻሻ ግማሽ የሚጠጋው ፌስታል መሆኑን አሳየ። የዲሲ ምክር ቤት በዓመቱ ሕጉን አወጣ። በ2016 ደግሞ የፎም ዕቃ ተከለከለ። ሬስቶራንት ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ቴክአውት የምንቋጥርበት ነጭ ዕቃ ድንገት ሲቀየር ስንት ተባለ፣ አዲሱም ውድ ነበር። ያ ነጭ ፎም ውሃ ላይ ተበጣጥሶ ዓሣም ወፍም ምግብ መስሎት ይውጠው እንደነበር እኔ ጀልባው ላይ ነው በደንብ የገባኝ። የቆሻሻ ማጥመጃው ጋ ስንደርስ አጎቴ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ጠርሙስ፣ ኳስ፣ ቆርቆሮ፣ ቅጠል። ፌስታል ጥቂት ብቻ። "እና እኔ ነኝ ያስቀረሁት?" አሉ። አዎ ጋሼ፣ እርስዎም አሉበት አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ ከልባቸው።

ወንዙ ዳነ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ከ1971 ጀምሮ የተከለከለው ዋና እስከ አሁን በሕግ አልተፈቀደም፣ በ2023 የታቀደው የዋና ቀንም በዝናብ ምክንያት ቀርቷል። ከድሮ ፋብሪካዎችና ከባሕር ኃይሉ ግቢ የተረፈ መርዝ ሥሩ ካለው ጭቃ ገና አልወጣም። ስለዚህ ዓሣ አጥምዳችሁ ለዓርብና ለረቡዕ ወጥ ልታደርጉት ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት፣ የከተማውን ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ አንብቡ፣ ጨርሶ የማይበሉ ዓይነቶች አሉ። ይሄን አስጎብኚዋ ራሷ ሳትደብቅ ትናገራለች፣ ስለዚህም ነው ያመንኳት።

አሁን ግማሿ ኮከብ። ቦታው ቶሎ ይሞላል፣ ቅዳሜና እሁድ ለማግኘት በጣም ቀደም ማለት አለባችሁ። ጀልባው ላይ ሽንት ቤት የለም፣ ጉዞው ከሰዓት በላይ ስለሆነ ለትልልቅ ሰዎች ይከብዳል። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ቋንቋው ነው። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት እንኳ የለም። በዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይሄን ያህል ሱቅ ከኛ ሰው እጅ አምስት ሳንቲሟን እየተቀበለ ሲያስገባ፣ ወንዙንም በአማርኛ ቢነግሩን አይበዛብንም። ለአጎቴ እያንዳንዱን ነገር በሹክሹክታ ስተረጉም ስለነበር ግማሹ አመለጠኝ። ስወጣ ጠየቅኳቸው፣ በቡድን ለሚመጣ ሰው አስተርጓሚ ይዞ መምጣት ይቻላል አሉኝ። ጥሩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ "እኛን ምን አገባን" እንዳትሉ። ስላይጎ ክሪክ፣ ያ እሁድ እሁድ ዳሩ የምትሄዱበት ጅረት፣ ሃያትስቪል ላይ ከሌላ ጅረት ተቀላቅሎ አናኮስቲያ ውስጥ ነው የሚገባው። እናንተ ጋ የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የገባ ነገር ማጣሪያ አያልፍም። የሲጋራ ቁራጭ፣ የመኪና ዘይት፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ጅረቱ ውስጥ ይገባል።

ቀበና አካባቢ ላደገ ሰው ደግሞ ይሄ ጉብኝት ሌላ ነገር ያስነሳል። የኛ ወንዞች ከእንጦጦ ንጹሕ ሆነው ይወርዳሉ፣ ከተማውን አልፈው አቃቂ ሲደርሱ ሌላ ናቸው፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በዚያ ውሃ አትክልት ይለማል፣ እሱን እንበላለን። በኛ አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የወንዝ ዳር ልማቱ መሠራቱ ደስ ይለኛል፣ ሰው ወደ ወንዙ ፊቱን እንዲያዞር አድርጓል። ግን ከአናኮስቲያ የተማርኩት ቅደም ተከተሉን ነው፦ ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚገባው ፍሳሽ ካልቆመ ዳሩ ላይ ያለው ሣርና መብራት ውሃውን አያድነውም። የሰፈር ሰውም ውሃውን እየለካ የሚጠይቅበት መንገድ ይኑረው።

ለመሄድ ያሰባችሁ፦ "ነፃ የአናኮስቲያ ጀልባ ጉብኝት" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ ከፀደይ እስከ መኸር ነው ያለው። በአረንጓዴው መስመር ባቡር ኔቪ ያርድ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ፣ ጨዋታ ባለበት ቀን መኪና ይዛችሁ እንዳትሞክሩት። ኮፍያና ውሃ ያዙ። መብረቅ ካለ ይሰረዛል፣ ስልካችሁን እያያችሁ። እቁብ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ያላችሁ በቡድን ተመዝገቡ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚናገር አንድ ልጅ ይዛችሁ። በሐምሌ ከሆነ ከዚያው ኬኒልወርዝ ወዳለው የውሃ አበባ ፓርክ እለፉ፣ ሎተሱ ያኔ ነው የሚያብበው፣ መግቢያው በነፃ ነው።

ሜሪላንድ ሃይስኩል ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ፣ ዲሲ 100 ነው። የስላይጎ ክሪክ ወዳጆች የሚባለው የሰፈር ቡድን በፀደይና በመኸር ጅረቱን ያጸዳል። የእህቴን ልጅ ለመኸሩ አስመዝግቤያታለሁ፣ አጎቴም እመጣለሁ ብለዋል። ጓንትና ከረጢት እዚያው ይሰጣል፣ ቦቲ ጫማ ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።