ሱሉልታ ላሉት የፈረስ አሰልጣኛችን ምስጋና (ጥቆማም ነው)

ሰላም ወገን። ፈረስ ግልቢያ መማር ወይም ልጃችሁን ማስተማር የምታስቡ ይቺን አንብቡልኝ።

ሱሉልታ አካባቢ የሚያስተምሩ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሉኝ እንደ ተማሪዎቻቸው ጋሼ ልበላቸው። የአዊ ሰው ናቸው። የፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ባለበት አገር ስላደጉ ፈረስ ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም።

ልጄ የጀመረችው ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ የሚነግሯት "ጠበቅ አርገሽ ያዢ" ብቻ ነው። ፈረሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አፉን ይከፍታል፣ እሷ ትጎትታለች፣ ክንዷ ዝሎ ቤት ትገባለች።

ጋሼ መጀመሪያ ዛቡን (ፈረስ የሚመራበትን ጠፍር) ቀሟት። ባዝራዋን (ሴቷን ፈረስ) በረጅም ገመድ ይዘው በክብ እያዞሩ፣ ልጅቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሶምሶማ። "መቀመጫዋ ሳይረጋ እጇ አይረጋም" አሉኝ። እውነት ነው፤ ሚዛኑን ያጣ ሰው የሚንጠለጠለው ዛቡ ላይ ነው፣ የዛቡ ጫፍ ደግሞ የታሰረው ፈረሱ አፍ ውስጥ ካለው የልጓም ብረት ጋር ነው፣ ብረቱም የሚያርፈው ከፊት ጥርስና ከመንጋጋ መሀል ባለው ባዶ ድድ ላይ። ስስ ሥጋ፣ ከሥሩ አጥንት።

ከዚያ ልጓሙን አውልቀው አስያዟት። "ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ፈረሷ አንቺ ነሽ።" እሳቸው ከኋላ ዛቡን ይዘው የቀለበት ጣታቸውን ብቻ ጨመቅ አደረጉ። "ቀኝ!" አለች ወዲያው። እኔም ተራዬን ያዝኩ። ጠንከር አድርገው ሲስቡኝ ሳላስበው መልሼ ሳብኩ። ፈረስም ይኸው ነው፣ ሲጎትቱት ይጎትታል።

አሁን ክርኗ እጥፍ፣ አውራ ጣቷ ከላይ። ፈረሷ በእርምጃ ስትሄድ ጭንቅላቷ ስለሚወዛወዝ የልጅቷም እጅ አብሮ ይሄዳል፤ ሶምሶማ ላይ ጭንቅላቷ ስለሚረጋ እጅም ይረጋል። የተዝረከረከ ዛብ ግን ጋሼ አይወዱም፣ ድንገት ሲወጠር አፏን ይመታታል። ለማቆም መጀመሪያ ትንፋሽ ታስወጣለች፣ ኮርቻው ላይ ከበድ ትላለች፣ ጣት የሚመጣው ከዚያ ነው። ፈረሷ እሺ ስትል ወዲያው መልቀቅ። እዚች ጋ ነው ጋሼ የሚጮሁት፦ "ልቀቂ! ሰማችሽ እኮ!"

በመጀመሪያው ቀን ሽምጥ ጋልቦ ፎቶ መነሳት የሚፈልግ ባይሄድ ይሻላል፣ ይናደዳል። ዋጋቸውም ከሌሎች ወደድ ይላል። ለልጅ የሚሆን ሄልሜት ስለሌላቸው ይዛችሁ ሂዱ።

ጋሼ፣ ልጄ ታነብልዎታለች፣ እግዜር ይስጥልን። ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሞልቷል።