የሴራ ቃላት ካርዶች፦ ለቻይንኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛ ተማሪ

ቻይና ዉሃን ከተማ አብሮኝ የሚኖረው ቻይናዊ ጓደኛዬ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ሰሞኑን የሴራና የተንኮል ቃላት ብቻ ያሉባቸው የእንግሊዝኛ ካርዶች ገዛ። ጀርባቸው ላይ የቻይንኛ ትርጉም አለ። እኔም ቻይንኛዬን ላጠናክርበት ብዬ ሁለት ሳምንት አብሬው አጠናሁ።

የወደድኩትን ላስቀድም። የቃላቱን ሥር ይነግራሉ። «ኮንስፓየር» (ማሴር) በላቲን አብሮ መተንፈስ ነው፤ ሰዎች ራስ ለራስ ገጥመው ሲያንሾካሹኩ ወዲያው ይታያችኋል። «ኮሉድ» (ለተንኮል መመሳጠር) ደግሞ አብሮ መጫወት። ቻይንኛው «ጎውጂዬ» ይለዋል፣ አንዱ ፊደል መንጠቆ ሌላው ቋጠሮ። ይሄኔ የኛው «ሴራ መጎንጎን» ትዝ አለኝ። እኛ ሴራን እንደ ሹሩባ እንጎነጉነዋለን፣ እንደ ጠላም እንጠነስሰዋለን፣ እንግሊዞቹ ደግሞ «ሃች» ብለው እንደ ጫጩት ይፈለፍሉታል። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ቃሉ እዚያው ያዘው። ለ«ፕሎት» የ1605ቱን የለንደን የባሩድ ሴራ ምሳሌ ማድረጋቸውም ጥሩ ነው፤ በእንግሊዝ ፓርላማ በሎርዶች ምክር ቤት ሥር የተደበቀ 36 በርሜል ባሩድ አይረሳም።

ያናደደኝ ትርጉሙ ነው። «ፕሎት»፣ «ስኪም»፣ «ኮንስፒራሲ»፣ «ኢንትሪግ»፣ አራቱም ጀርባ ላይ «ዪንሞው» ብቻ! የጨለማ ዕቅድ እንደ ማለት ነው፣ ቆንጆ ቃል፣ ግን ለአራቱም አይበቃም። «ስኪም» አሜሪካኖች ጋ ስሙ ጠፋ እንጂ በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ ተራ ዕቅድ ነው፤ የሠራተኛ ጡረታ እንኳ «ፔንሽን ስኪም» ይባላል። ጓደኛዬ ይህን የሚያነሳ የልምምድ ጽሑፍ አንብቦ አዛውንቶች የተዘረፉ መሰለው። ሦስት ጥያቄ ሳተ። ለፈተና የሚለፋ ልጅ በካርድ ስህተት ነጥብ ሲያጣ ያሳዝናል።

ሌላው የጎደለው መስተዋድድ ነው። «ኮሉድ» «ዊዝ»ን (ከእገሌ ጋር) ይፈልጋል፣ «ኮንስፓየር» ሰው ላይ ሲሆን «አጌንስት»ን (በእገሌ ላይ)። ቻይንኛ እንደ አማርኛ «ከእገሌ ጋር»ን ከግሱ በፊት ስለሚያስቀድም ተማሪው እንግሊዝኛው ላይ ከኋላ መጨመሩን ይረሳል። ካርዱ ይህን ካላስታወሰ ማን ያስታውሰው? «ኢን ካሁትስ»ም (ተመሳጥሮ እንደ ማለት ነው) ያለ ማስጠንቀቂያ ገብቷል፤ የጨዋታ ቋንቋ ነው፣ ድርሰት ላይ አይሆንም።

ያም ሆኖ ግዙት እላለሁ። «ስኪም» ጀርባ ላይ ግን በእስክሪብቶ «ጂሁዋ» ብላችሁ ጨምሩበት፣ ተራው ዕቅድ ማለት ነው።