ብሬከሩን ብቻ ልቀይርልሽ ያላለኝ ባለሙያ

የቤቴን መብራት ከሲንግል ፌዝ (በአንድ የኃይል መስመር ከሚገባ) ወደ ስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር ወደሚገባ) አሳደግሁ። ማከፋፈያ ሳጥኑም በአዲስ ተተካ። ሥራውን የሠራልኝ ከአንድ ረዳቱ ጋር የሚንቀሳቀስ የግል ኤሌክትሪሺያን ነው። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም። ሥራውን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከእንዲህ ዓይነት ባለሙያ ምን መጠበቅ እንዳለብን ያወቅሁት ከእሱ ነው።

እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ካውያዬ 2,400 ዋት ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያው 2,000፣ ምድጃው 3,000 ነው። የስፌት ማሽኑና ፍሪጁ ሲጨመሩበት ወደ 8,000 ዋት ይጠጋል። ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 36 አምፔር አካባቢ ይመጣል። ዋናው ብሬከራችን (ከረንቱ ከልኩ ሲያልፍ መብራቱን የሚቆርጠው) ደግሞ ባለ 25 አምፔር ነበር፤ ከ5,500 ዋት በላይ አያስኬድም። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ከተሰካ ትንሽ ይቆይና ብሬከሩ ይወርዳል። እናቴ ሻወር ውስጥ እያለች ድንገት የጨለመባት ጊዜ አለ። በእሷ ዕድሜ እርጥብ ወለል ላይ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ሥራ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ከኤሌክትሪሺያኑ በፊት አንድ ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። ሳጥኑን ከፈት አድርጎ አየና፣ «ባለ 40 ብሬከር እገጥምልሻለሁ፣ ትገላገያለሽ» አለኝ። ይህኛው ግን ብሬከሩን ከማየቱ በፊት ሽቦውን ፈለገ። ከቆጣሪው ወደ ሳጥኑ የሚገባው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘው። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ እንዲህ ያለ ሽቦ 40 አምፔር እየተሸከመ መዝለቅ አይችልም። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ካደገ ፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ እየቀለጠ ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል። በዚህች ማብራሪያ ብቻ ሥራውን ለእሱ ለመስጠት ወሰንኩ።

ወደ ስሪ ፌዝ ማሳደግ የመብራት አቅራቢውን ፈቃድ ይፈልጋል። ቆጣሪው የታሸገ ነው፤ ማንም የግል ባለሙያ ሊነካው አይገባም። እሱም አልነካውም። የሠራልኝ የዕቃዎቹን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ዋት የያዘ ወረቀት ነው፤ ማመልከቻዬን ያስገባሁት በዚያ ነው። ቆጣሪው ከተቀየረ በኋላ በሦስት ፌዝ፣ በየፌዙ 25 አምፔር፣ በጠቅላላው 16,500 ዋት አገኘን።

ብዙ ሰው ስሪ ፌዝ ከገባ ሁሉም ነገር በራሱ የሚስተካከል ይመስለዋል። አይደለም። ከባዶቹን ዕቃዎች በአንድ ፌዝ ላይ ከደረደራችኋቸው ያው ብሬከሩ መውረዱ አይቀርም። ምድጃውን በአንዱ፣ ማሞቂያውን በሁለተኛው፣ የስፌት ክፍሌን በሦስተኛው ላይ አደረገልኝ። መብራቶቹን ደግሞ ለሦስቱም አካፈላቸው። አንዱ ፌዝ ቢጠፋ ቤቱ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም።

ከሁሉ የበለጠ የተጨነቀው ለኒውትራሉ፣ ማለትም ከረንቱ ለሚመለስበት ሽቦ ነበር። ስሪ ፌዝ ባለበት ቤት ዋናው ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ 220 ቮልት የለመደ ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊደርሰው ይችላል። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖል አንድ ላይ የሚቃጠሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የሚያጠብቅበት መፍቻ የጥብቀት ልክ ያለው ነበር፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። እያንዳንዱን ብሎን በእሱ አጠበቀ። ረዳቱም ተከትሎ በእስኪሪብቶ ምልክት ያደርጋል። በእጅ ግምት ብቻ ማጥበቅ የለመዱ ብዙ ባለሙያዎች ስላየሁ ይህ አስደነቀኝ።

ልኬቱም እንደዚያው ነው። መብራቱን አጥፍቶ፣ ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅሎ፣ በየመስመሩ 500 ቮልት የሚልክ መለኪያ አገናኘ። የሽቦው ሽፋን ከረንት እንዳያመልጥ የሚከለክልበት አቅም ቢያንስ 1 ሜጋኦም ማሳየት አለበት። ወደ እናቴ መኝታ ቤት የሚሄደው መስመር እዚህ ልክ ላይ አልደረሰም። ግድግዳው ሲከፈት በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ፣ ያለ ሳጥን የተቀበረ የሽቦ መጋጠሚያ ወጣ። የሰውየው መሣሪያ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ እናቴ ራስጌ ይኖር ነበር። መስመሩን በሙሉ ባለ 2.5 በሆነ አዲስ ሽቦ ቀየረው።

ሌላው ያስገረመኝ የግራውንዱ፣ ማለትም የሚፈስ ከረንትን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነገር ነው። ሶኬቶቻችን ሦስተኛ ሽቦ ነበራቸው፤ ጫፉ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። አሁን መሬት ውስጥ በተተከለ ዘንግ ላይ ታስሯል፤ ተለክቷልም። ከሱ ጋር ባለ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ገባ። ማሞቂያው ከረንት ወደ አካሉ ቢያፈስ፣ ሰው ከመንካቱ በፊት ወደ መሬት ይሄዳል፤ ብሬከሩም በቅጽበት ይቆርጠዋል። ለእናቴ ራሱ ነው ያስረዳት።

«እማማ፣ ይቺን ቲ የሚል ጽሑፍ ያለባትን ቁልፍ አልፎ አልፎ ይጫኑልኝ። ከጠፋ ደህና ነው ማለት ነው። ካልጠፋ ይደውሉልኝ።»

«እኔ መብራት እፈራለሁ፣ ልጄ» አለችው።

«ይቺ የተሠራችው ለሚፈራ ሰው ነው» አላት። ተጫነችው። ጠፋ። መልሳ አበራችው። ከዚያ ወዲህ ቁልፏን ለማንም አታስነካም።

ቅሬታም አለኝ። እስከ እኩለ ቀን መብራት ይመለሳል ብሎኝ ማታ ነው የተመለሰው። የተገኘው መጋጠሚያ እንዳዘገየው ይገባኛል፤ ነገር ግን ደንበኞቼ ልብስ እየጠበቁ ስለነበር በጊዜ ቢነግረኝ ጥሩ ነበር። የተቦረቦረውን ግድግዳ መለሰን የሱ ሥራ አለመሆኑንም ያወቅሁት ሊሄድ ዕቃውን ሲሰበስብ ነው። ይህ ከዋጋው ጋር አብሮ በመጀመሪያ መነገር ነበረበት። በሳጥኑ ውስጥ የየብሬከሩን ስም የጻፈበት ወረቀትም ሙጫው መላቀቅ ጀምሯል። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ጽሑፉንም የሚቆይ ቢያደርገው እላለሁ።

በሌላ በኩል ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ረዳቱ ሽቦዎቹ የሚያልፉበትን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሚስማር ከመምታቴ በፊት አሁን እሱን ነው የማየው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ሳልጠራው ተመልሶ መጣ። ሁሉንም ዕቃ አብርተን የየብሬከሩን ሙቀት ለካ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሞቀ አልነበረም።

ካውያው፣ ማሞቂያውና ምድጃው ዛሬ አብረው ይሠራሉ። የቀረን የመብረቅና የድንገተኛ ቮልት መከላከያ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ቦታውን ትቶለታል። የልብሱ ሥራ ትንሽ ሲቀልልኝ የምጠራው እሱኑ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የግድግዳውን ጉዳይ በፊት እንነጋገርበታለን።