«ፍላሽ አይደረግም» ላለኝ ልጅ

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ናት። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ አልጽፍም። ሳላመሰግነው ባልፍ ግን ይቆጨኛል።

በፍሪላንስ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክመው እስከ አራተኛ ፎቅ ስለሚያወጡ ሰዎች አንድ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከወጣ ከወራት በኋላ ጓደኛዬ ሊንክ ላከችልኝ። «ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?» ከፈትኩት። ርዕሱ ተቀይሯል፣ መግቢያው ትንሽ ተነካክቷል፣ ከዚያ በታች እስከ ነጠላ ሰረዙ ድረስ የኔው ነው። ከላይ የሌላ ሰው ስም። «በቦታው ተገኝተን አነጋገርናቸው» ይላል ደግሞ።

ሳቄ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ዋናው ባለታሪክ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ስለፈለጉ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። የአያቴን ስም። «ስማቸው ተቀይሯል» ብዬም ጽፌ ነበር። እነሱ ያቺን ብቻ ቆርጠው ጥለው አያቴን በቦታው ተገኝተው አነጋገሯቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያቴ ኮንዶሚኒየም አይተው አያውቁም።

ከሳቁ በኋላ ንዴት መጣ። ደውዬ ልጮህ ስል ጠበቃዋ ጎረቤቴ «መጀመሪያ አስቀምጪው፣ ካወቁ ያጠፉታል» አለችኝ። ስክሪንሾት አነሳሁ፤ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይም ከነቀኑ እንዲቀመጥ አደረግኩ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ እንደማይጠይቅ የነገረችኝም እሷ ናት። ሥራው ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ይበቃል። ሐሳቡ ግን የማንም ነው። ስለ ውሃው ማንም ይጻፍ፤ የኔን አረፍተ ነገር ነው ማንሳት የማይችለው።

ችግሩ ማስረጃ ነበር። የቃለ ምልልሱ ድምፅም ኦሪጅናል ፎቶዎቹም ያሉት የሞተ ስልኬ ውስጥ ነው። ኮፒ አልያዝኩም። አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ። ዘገባዬን ያወጣልኝ አርታኢ ጋ ያለው በቴሌግራም የላክሁት ፎቶ ብቻ ነው፤ በፋይል ካልላካችሁት ደግሞ ቴሌግራም መቼና በምን እንደተነሳ የሚናገረውን መረጃ ያስቀረዋል። የሞተውን ስልክ መሃል ከተማ ሁለት ቦታ ወሰድኩት። ሁለቱም ገና ሳይከፍቱት «ፍላሽ እናድርገው» አሉ፤ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ እንጫንበት ማለታቸው ነው።

የኛ ሰፈሩ ልጅ ግን መጀመሪያ ጠየቀኝ። «እህቴ፣ የምትፈልጊው ስልኩን ነው ውስጡን?»

«ውስጡን።»

«እንግዲያው ፍላሽ አይደረግም። ሁሉም ይጠፋል።»

ከፈተው። በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ከሌላ የሞተ ስልክ የነቀላትን ከምስር የምታንስ ነገር በሙቅ አየር አጣበቃት። «ብዙ አይቆይም፣ ፋይሉ እስኪወጣ ይበቃናል» አለ። ስክሪኑ ሲበራ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ የሠራው ነው የበለጠ የገረመኝ። «የሰው ድምፅ ስለሆነ ራስሽ ገልብጪው» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ስጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ፊት ለፊቴ አጠፋው። ስማችን አይጠቀስ ያሉትን ሰዎች ድምፅ ይዤ ነበር እኮ የምዞረው! 1,500 ብር ከፈልኩ። ካልወጣ አንድ ብር አልቀበልም ብሎኝ ነበር።

ዘገባዬን ለገለበጠው ሚዲያ ዋና አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድብ የለበትም። በግራ የኔ አንቀጽ፣ በቀኝ የነሱ፣ ከነቀኑ። ፎቶዎቹን በፋይል አያያዝኩ። ስለ አያቴም አንድ መስመር። መልስ ካላገኘሁ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት አቤት እላለሁ አልኩ። በአምስተኛው ቀን ስሜና ሊንኬ ገባ፤ ከታች አጭር ይቅርታ። የክፍያውን ነገር ገና እየተነጋገርን ነው።

ልጁ እንከን የለውም አልልም። «ነገ» ካለ ከነገ ወዲያ ማለቱ ነው። መብራት ከሄደ ይዘጋል። ስልኩንም ቶሎ አያነሳም። አድራሻውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትሄዱ የስልካችሁን ፓተርን አስታውሱ፤ እኔ ረስቼው ሁለቴ ተመላልሻለሁ።