ዊስፐር በችሎት ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ

“የምስክሮች ቃል ከመቅረጸ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ” የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ለሚፈጽመው ሠራተኛ ግን ድምፁን እያቆመና ወደኋላ እየመለሰ የሚያሳልፋቸው ረጅም ሰዓታት ማለት ነው። ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዊስፐር ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ነው፤ እዚህ የምመዝነውም ለዚህ የግልባጭ ሥራ ባለው ብቃት ብቻ ነው።

ትልቁ ብልጫው በነፃ የሚገኝና ያለ ኢንተርኔት በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ መሆኑ ነው። በዝግ ችሎት የተሰማ የሕፃን ቃል ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳይወጣ ሊገለበጥ ይችላል፤ ይህ ለእኔ ከፍጥነቱ ይበልጥብኛል። ለእያንዳንዱ የንግግር ክፍል ሰዓቱንና ደቂቃውን ስለሚያስቀምጥ፣ አጠራጣሪ ቃል ሲያጋጥም ወደ ድምፁ ተመልሶ ማመሳከር ቀላል ነው።

ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተፈተኑት የድምፅ ቅንጣቢዎች 1 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ማንም ያልተናገራቸው ሐረጎች ወይም ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ገብተዋል፤ ንግግር በሌለበት ረጅም ዝምታ ባለበት ድምፅ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም የሚልባቸው ቅጽበቶች ለዳኛው ብዙ የሚናገሩ ናቸው። ጸሐፊ ያልሰማውን “አይሰማም” ብሎ ያልፋል፤ ክፍተቱም ለይግባኝ ሰሚው ጭምር በግልጽ ይታያል። መሣሪያው ግን ክፍተቱን በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ሊሞላው ስለሚችል፣ ግልባጩን ብቻ የሚያነብ ሰው ስሕተት መኖሩን የሚጠረጥርበት ምክንያት አያገኝም።

ለአማርኛ ችሎት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሣሪያው መጀመሪያ ከሠለጠነበት 680,000 ሰዓት ድምፅ ውስጥ አብዛኛው እንግሊዝኛ ሲሆን፣ 117,000 የሚሆነውን ሰዓት 96 ሌሎች ቋንቋዎች እጅግ ባልተመጣጠነ ሁኔታ ተካፍለውታል። በአማርኛ አድራጊውና ተደራጊው በአንድ ግስ ውስጥ ተጠቅልለው ስለሚገኙ፣ “መታኝ” በ“መታሁት” ቢተካ የግል ተበዳዩ በወረቀት ላይ ተከሳሽ ይመስላል። ተናጋሪዎችንም በራሱ ለይቶ አይጽፍም፤ የጠበቃው ጥያቄና የምስክሩ መልስ ተያይዘው ይወጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፣ ዳኞች ፍሬ ነገርንና ሕግን ሲመረምሩ የሚያግዙ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው መድቦ፣ ተራ አስተዳደራዊ ድጋፍን ከዚህ ውጭ አድርጓል። እኔ የምስክርን ቃል መገልበጥ ተራ የቢሮ ሥራ ነው ብዬ አላምንም፤ ይግባኝ ሰሚው ምስክሩን ሳያይ የሚፈርደው በዚያ ወረቀት ነውና።

ስለዚህ ዊስፐርን ረጅም ቅጂ ውስጥ አንድን ርእሰ ጉዳይ ፈልጎ ለማግኘትና በደንብ በሚችላቸው ቋንቋዎች የመጀመሪያ ረቂቅ ለማዘጋጀት እመክራለሁ። ለአማርኛ የምስክር ቃል ግን አሁን ባለበት ሁኔታ አልመክርም። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ረቂቁ ጸሐፊው ድምፁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየሰማ ሳያመሳክረውና በፊርማው ሳያረጋግጠው ከመዝገብ ጋር ሊያያዝ አይገባም፤ ማመሳከሩም ምስክሩ ዝም ካለባቸው ደቂቃዎች ቢጀምር ይሻላል።