ኤቨርፍሎ ባለ 5 ሊትር የኦክስጅን ማሽን፦ ለአዲስ አበባ ቤት ይሆናል?

ሥር በሰደደ የሳንባ በሽታ ምክንያት ኦክስጅን ታዞለት ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የሚመለስ ታማሚ ሲኖር፣ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠይቀው የማሽኑን ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ ቤቱ ያለበት ከፍታ እና ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ቮልት። የፊሊፕስ ሪስፒሮኒክስ ኤቨርፍሎ በሰፊው የተሸጠ፣ ለአስታማሚ የማያስቸግር ማሽን ነው። በሚገባ የሚሠራው ግን በተሠራለት ከፍታና ቮልት ውስጥ ሲሆን ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ወሰን ጠርዝ ላይ ናት።

ማሽኑ ኦክስጅን አያመርትም፣ አያጠራቅምም። የክፍሉን አየር በኮምፕሬሰር ስቦ ዜኦላይት በሚባል ማዕድን በተሞሉ ሁለት ቱቦዎች ውስጥ ያሳልፋል። ዜኦላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፤ የሚያልፈው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይሆናል። ኤቨርፍሎ ከ0.5 እስከ 5 ሊትር በደቂቃ ይሰጣል፤ ክብደቱ 14 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት እየገፋ ያደርሰዋል። ድምፁ 45 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ አልጋ አጠገብ ሆኖ ያስተኛል። ሌሎች ማሽኖች ጎናቸው ላይ በየሳምንቱ የሚታጠብ ስፖንጅ ማጣሪያ አላቸው። ኤቨርፍሎ ያ የለውም፤ ውስጡ ያለውን ማጣሪያ ባለሙያ ይቀይረዋል። አቧራ በበዛበት ሰፈር ይህ እፎይታ ነው፤ መዘንጋትንም ያመጣል። በማገዶ ወይም በከሰል በሚበሰልበት ግቢ ማጣሪያው በጊዜው ካልተቀየረ ኮምፕሬሰሩ ይሞቃል፣ የኦክስጅኑም ጥራት ይወርዳል።

ወደ ከፍታው እንምጣ። በኤቨርፍሎ ዝርዝር መግለጫ ላይ የሥራ ከፍታው እስከ 2,286 ሜትር ነው ተብሎ ተጽፏል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ እንጦጦ በወጣን ቁጥር ከፍታው እየጨመረ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትርን ታልፋለች። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማና ድሬዳዋ ግን ከወሰኑ በታች ስለሆኑ ለማሽኑ ምንም አይከብዱትም። ከፍታ ለምን ያስቸግራል? በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር በመጠን ያው ሆኖ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ ዜኦላይቱ ናይትሮጅን ለመያዝ የሚያስፈልገውም ግፊት አብሮ ይቀንሳል። ይህ ጎልቶ የሚታየው በ5 ሊትር ነው። በ1 ወይም በ2 ሊትር ሲሆን ማሽኑ ገና ትርፍ አቅም ስላለው ጥራቱ የመጠበቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚገዛ ሰው በሻጩ ቃል ከመተማመን ይልቅ ያስለካ። ኦክስጅን አናላይዘር የሚባለው በእጅ የሚያዝ መለኪያ ማሽኑ ለ10 ደቂቃ ከሠራ በኋላ፣ ሐኪሙ ባዘዘው ሊትር ላይ ተደርጎ ይነበብ። ንባቡ ከ90 በታች ከሆነ ያ ማሽን ለዚያ ቤት አይሆንም። አረንጓዴ መብራቱን ብቻ ማየት ግን አይበቃም። ኤቨርፍሎ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የኦክስጅን መጠን ዳሳሽ አለው፣ ሌላው የለውም። ዳሳሽ ያለው እንኳን ቢጫ የሚያበራው ጥራቱ ከ82 በመቶ በታች ሲወርድ ነው፤ በቀይ የሚያስጠነቅቀው ደግሞ ከ70 በታች ሲሆን። 84 በመቶ የሚሰጥ ማሽን አረንጓዴ እያበራ ሊውል ይችላል ማለት ነው። ዳሳሽ የሌለውን ለቤት ታማሚ መግዛት አንመክርም።

ቮልቱም የዚያኑ ያህል ያስቸግራል። ለእኛ አገር የሚሆነው ባለ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሞዴል ነው፤ የሚታገሠው 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ነው፤ ከ207 እስከ 253 ቮልት። ምሽት ላይ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት በብዙ ሰፈር ቮልቱ ከዚያ ይወርዳል። ማሽኑ ያኔ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ሳይጮኽ እየደከመ ይሠራል። 1,000 ቪኤ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስታቢላይዘር ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ነው። ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር መሰካት ክልክል ነው፤ ቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ወደ ስታቢላይዘሩ፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ይሁን።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ለወላጆቻቸው የሚልኩት ማሽን እዚህ ላይ ይበላሻል። እዚያ የሚሸጠው ባለ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ኮምፕሬሰር በ50 ኸርዝ ሲነዳ ዝግ ብሎ ይዞራል፤ አየሩም ኦክስጅኑም ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ሲጨመርበት ታማሚው ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ኦክስጅን ያጣል። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ማሽን የምትልኩ ሰዎች፣ ሳጥኑን ሳይሆን ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 230 ቮልት እና 50 ኸርዝ ካላለ ገንዘቡን ላኩላቸው።

ማሽኑ 300 ዋት ገደማ ይወስዳል። ሥር ለሰደደ የኦክስጅን እጥረት የሚታዘዘው የእንቅልፍ ሰዓትን ጨምሮ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ነው፤ ይህ በወር 135 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፣ ቀንና ሌሊት ከሠራ ደግሞ 216። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ እንዳይሞት ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራበት፤ የባትሪውን ኃይል ማሽኑ ወደሚሠራበት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲቀነስ 1,000 ዋት ሰዓት ያህል ይቀራል። ይህ ከሦስት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ ግድግዳው ሶኬት ያለ ያልተቆራረጠ ሞገድ፣ የሚያወጣ መሆን አለበት። ከዚያ ለሚረዝም መጥፋት ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ 10 ሊትር ውኃ የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለው፣ በ2 ሊትር 12 ሰዓት ተኩል ያቆያል። ግፊቱን የሚቀንሰው ሬጉሌተር ተገጥሞ፣ ቁልፉ በገመድ ታስሮበት ይቀመጥ፤ በጨለማ ቁልፍ መፈለግ ብዙ ደቂቃ ይበላል።

ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ከግድግዳና ከመጋረጃ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቱቦው ከ15 ሜትር አይብለጥ። የፍሰት መለኪያው ላይ ያለችውን ኳስ ጎንበስ ብላችሁ በዓይን ትክክል አንብቡ፤ ሐኪሙ ያዘዘው ቁጥር መስመር በኳሷ መሐል ማለፍ አለበት። ከላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው ግማሽ ሊትር ሊሳሳት ይችላል።

የውኃ ጠርሙሱ፣ ሂውሚዲፋየር የሚባለው፣ ከ4 ሊትር በታች ለሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ አይደለም፤ አፍንጫው የሚደርቅበት ከሆነ ይጨመርለት። ዲስቲልድ ውኃ፣ ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ በሁለቱ መስመሮች መሐል ይሞላ። ውኃው በየቀኑ ይቀየር እንጂ በላዩ ላይ አይጨመርበት። በሳሙና ታጥቦ በሳምንት አንዴ አንድ እጅ ኮምጣጤ በሦስት እጅ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ከዚያ ይለቅለቅ። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ክዳኑ ነው፤ ክሩ ጠምሞ ከገባ ኦክስጅኑ በጎን ይወጣል፣ መለኪያው ላይ ግን ኳሷ በቦታዋ ትቆማለች። መፈተሻው ይኸው፦ አፍንጫ ላይ የሚገባውን ቱቦ በሁለት ጣት አጥፋችሁ ጨብጡ። ጥቂት ቆይቶ የጠርሙሱ መተንፈሻ ካፏጨ መንገዱ ደህና ነው። ካላፏጨ የሆነ ቦታ እየተነፈሰ ነው፤ ክዳኑን ፈታችሁ በቀስታ እንደገና አስገቡ። ጠዋት ጠዋት ይህን ማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሊትሩን ቤተሰብ መጨመር የለበትም፤ ይህን አጥብቀን የምንናገረው ጉዳቱ ድምፅ ስለሌለው ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሳቹሬሽን፣ ማለትም ጣት ላይ በሚደረግ መለኪያ የሚነበበው የደም ኦክስጅን፣ ግባቸው ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው፤ 98 ማድረስ አይደለም። ኦክስጅን ሲበዛባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምባቸዋል። ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ንግግር መቀላቀል፣ የተዘረጋ እጅ ክንፍ እንደሚመታ መንቀጥቀጥ ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ከታዩ፣ ወይም ቱቦውና ማሽኑ ተፈትሾ ሳቹሬሽኑ ከታዘዘው ግብ በታች ከቀረ፣ ወይም ከንፈር ከጠቆረ፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ ኳሷን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሰውም 93 ወይም 94 ሊያነብ እንደሚችል አስታውሱ።

ጣት ላይ የሚደረገውም መለኪያ ይሳሳታል። የጥፍር ቀለም፣ ጥቁር ሂና፣ የቀዘቀዘ ጣት ንባቡን ያዛባሉ። የቆዳ ቀለምም እንዲሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መለኪያው ከ92 እስከ 96 ካነበበላቸው ጥቁር ታማሚዎች 11.7 በመቶው በደም ምርመራ ከ88 በታች ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል፤ በነጮቹ 3.6 በመቶ ነበር። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ሰውየውንም እዩ፤ ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሳል ወይ? ትንፋሹ በደቂቃ ስንት ነው?

እሳትን በተመለከተ የእኛ ቤት ማኑዋሉ ከሚለው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማና ጧፍ ከታማሚውና ከማሽኑ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለባቸው፤ ቢቻል ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። ማሽኑ ጠፍቶም ልብስና ብርድ ልብስ ውስጥ የገባው ኦክስጅን ወዲያው አይወጣም። ቫዝሊን ለደረቀ አፍንጫ አይቀባም፤ ራስ ላይ የሚደረግ ቅቤም ኦክስጅን ላይ ላለ ሰው ይቅር። ቅባት የሌለው፣ በውኃ የተሠራ ጄል ከፋርማሲ ይገዛ። ቱቦው የሚያልፍበት የጆሮ ጀርባ በየቀኑ ይታይ፤ ቆዳው ከቀላ ቁራጭ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ከሥሩ ይደረግ፣ የተላጠ ከሆነ ቱቦው ለስላሳ በሆነ ይቀየር። ካኑላው፣ አፍንጫ ላይ የሚገባው ቱቦ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከጉንፋን በኋላ ደግሞ ወዲያው ይቀየራል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው የሰዓት ቆጣሪውን ያንብብ። 20,000 ሰዓት ማለት ቀንና ሌሊት ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ ማለት ነው። ጥቂት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠም አያስተማምንም፤ ዜኦላይቱ እርጥበት ሲጠጣ ይሞታል። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የኦክስጅን ማሽኖቹን ሽያጭ ማቆሙን ስላስታወቀ፣ ማጣሪያና መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት።

ቤታችሁ ከ2,200 ሜትር በታች ከሆነና ቮልቱ ከተስተካከለ ኤቨርፍሎን ያለ ስጋት እንመክራለን። አዲስ አበባ ላይ እስከ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው፣ በአናላይዘር ተለክቶ ካለፈ ይሆናል። ከዚያ ለሚበልጥ፣ ወይም ሽሮ ሜዳና ከዚያ በላይ ለሚኖር ሰው፣ እስከ 4,000 ሜትር የተፈተነው ዴቪልቢስ የተባለው ሌላ ባለ 5 ሊትር ማሽን ይሻላል፤ ይከብዳል፣ ትንሽ ይጮኻል፣ ስፖንጁም በየሳምንቱ ይታጠባል። «ከ1 እስከ 7 ሊትር» ተብለው በርካሽ የሚሸጡትን ትንንሽ ማሽኖች ግን ለታማሚ አትግዙ። 90 በመቶ የሚሰጡት በ1 ሊትር ብቻ ነው፤ በ7 ሊትር ወደ 30 በመቶ ይወርዳሉ፣ የክፍሉ አየር ራሱ 21 በመቶ ኦክስጅን አለው።