የኤምጂቢዬ ዘይት ማቀዝቀዣ፦ ከሐምሌ ሙቀት እስከ ጥር ብርድ

እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል ኤምጂቢ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለችኝ። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ 1798 ሲሲ ሞተር ያላት። እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ቁጭ ብለን መለዋወጫ አናጣም። ባለፈው ሰመር የዘይት ማቀዝቀዣዋን (ከራዲያተሩ ፊት ተቀምጦ የሞተሩን ዘይት በነፋስ የሚያበርድ ባለ ረድፍ ዕቃ) ከነቱቦዎቹ ቀየርኩ። ወዲያው ያልጻፍኩት፣ አዲስ ዕቃ በገባ ሳምንት ሁሉም ጥሩ ስለሚመስል ነው።

አሮጌው የሚያፈሰው ከረድፎቹ ጫፍ፣ ከብየዳው ላይ ነበር። መጀመሪያ ላብ ይመስላል። በጣት ሲነካ ቅባት ነው። ከዚያ አቧራ ይሰበስብና ጥቁር ጭቃ ይሠራል። ሃይዌይ ላይ ደግሞ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋና ራዲያተሩን ያለብሰዋል። በዚህ የተነሳ ከሞተሩ የመጣ መስሎት ጓርኒሲዮን የሚያስቀይር ሰው ሞልቷል።

«ጠብታ ናት፣ እየጨመርኩ እነዳለሁ» ማለት በዚህች መኪና አያዋጣም። ፓምፑ የገፋው ዘይት ከብሎኩ ኋላ በቱቦ ይወጣል፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያልፋል፣ በሌላ ቱቦ ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። ሌላ መንገድ የለውም። ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱ ቢፈነዳ ሞተሩ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ከደረቀ ጎማ ቱቦ ጋር ማገናኘት ገንዘብ መጣል ነው።

የገዛሁት ባለ 13 ረድፍ አሉሚኒየም ማቀዝቀዣና በብረት ሽቦ የተሸመኑ ሁለት ቱቦዎች ነው። ሁሉም ወደ 300 ዶላር ገደማ መጣ። ከዚህ የሚበልጥ ረድፍ ያላቸውም ይሸጣሉ። ለውድድር ካልሆነ አያስፈልጉም።

መፍታቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ አፍስሼ አሳደርኩት። ሁለት መፍቻ የግድ ነው፤ አንዱ የማቀዝቀዣውን አንገት ይይዛል፣ ሌላው የቱቦውን ዳዶ ይፈታል። አንገቱ ስስ ነው። በአንድ መፍቻ ብቻ ከታገላችሁት አብሮ ይጠማዘዝና ይሰነጠቃል። ሲጠብቅም እንደዚያው ነው። ጥርሱ የእንግሊዝ ልክ መሆኑንም አትርሱ። የአሜሪካ ዳዶ መጀመሪያ የገባ ይመስላል፣ ግን አጥብቆ አይዘጋም።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን ዝም ብሎ ማስነሳት የለም። ማቀዝቀዣው ባዶ ስለሆነ ፓምፑ እስኪሞላው ድረስ ኩሽኔታዎቹ ያለ ዘይት ይዞራሉ። አስቀድሜ ዘይት ሞላሁበት። ከዚያ ካንዴላዎቹን ነቅዬ፣ የዘይት ግፊቱ ቀስት ከፍ እስኪል በሞተሪኖ ብቻ አዞርኩት። ያ ቀስት ሲነሳ ማየት ደስ ይላል።

በሰመሩ ሙቀት ዕቃው ራሱን አስመስክሯል። ዋሽንግተንን የሚከበው መንገድ ላይ ማታ ማታ ያለውን ጭንቅንቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሼናንዶዋ ተራራ ላይ ስካይላይን ድራይቭንም ወጥቼባታለሁ። እዚያ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ዳገቱ ረጅም፣ ነፋሱ ትንሽ ነው። የመኪናዋ መመሪያ ሞተሩ ሞቆ ስትነዳ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ የዘይት ግፊት ይፈልጋል። የእኔ በሃያ-ሃምሳ (20W-50) ዘይት ስትሄድ ከ50 በታች አልወረደችም፣ ቆማ ሞተሯ ብቻ ሲዞርም ወደ 20 ናት። ካርቶን ከሥሯ አንጥፌ አሳድራለሁ፤ ከማቀዝቀዣው በኩል ጠብታ የለም።

ቅሬታዬ ማቀዝቀዣው ላይ ሳይሆን አብሮት የመጣው ቀለበት ጎማ ላይ ነው። ቱቦዎቹ ቆርቆሮ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ፣ የሚጠብቃቸውም ያ ጎማ ነው። በጣም ስስ ነው የላኩት። የሽቦ ሽመና የነካውን ሁሉ እንደ መጋዝ ይበላል። ሦስት ወር ሳይሞላ ጎማውን ጨርሶ ቀለሙን ጀምሮት ነበር። ወፍራም ጎማ ገዝቼ ቀየርኩ፤ በላዩም አሮጌ ጎማ ቱቦ ሰንጥቄ አለበስኩት። አሁን ሰላም ነው። ይህን ኪት የምትገዙ ሁሉ ከመግጠማችሁ በፊት ጎማውን በወፍራም ለውጡት።

ብርዱ ሲመጣ ሌላ ነገር ታየ። ውኃው ሞቆ ዘይቱ አይሞቅም። የዘይት ግፊቱ ቀስት ከፍ እንዳለ ይቀራል፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ አረፋ ይይዛል። ዘይቱ ካልሞቀ እርጥበቱ አይተንም፤ ያ ለሞተር ደግ አይደለም። መፍትሔው ቱቦዎቹ መካከል የሚገባ ቴርሞስታት ነው። 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ አብዛኛውን ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ሳያስገባ ይመልሰዋል። ከገባ ወዲህ ጥርም ላይ ክዳኑ ንጹሕ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው ይህ ዕቃ ነው። በረዶ በሚጥልበት አገር የምትኖሩ ከማቀዝቀዣው ጋር አብራችሁ እዘዙት።

ማቀዝቀዣውን ጨርሶ አውጥቶ፣ ብሎኩንና ፊልትሮውን በአንድ ቱቦ ማገናኘትም ይቻላል። ቀዝቃዛ አገር ለሚኖርና ቀስ ብሎ ለሚነዳ በቂ ነው፤ የሚያፈስበት መገጣጠሚያም ይቀንሳል። የቨርጂኒያን ሐምሌ ስለማውቀው ግን እኔ አላደርገውም።